ቡችላዋና ብርድ ልብሷ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ነገሩ የሆነው ሀርጌሳ ነው፤ ሶማሌላንድን ከ1993 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በመሩት በመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ስም በሚጠራው አየር ማረፊያ ደጃፍ። ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩ ደረቅ ነው። የአዲስ አበባን በረራ የሚጠብቅ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግቷል።

በዚያ ጥላ ሥር አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረች፤ ሀርጌሳ ውስጥ ፀጉር እየሠራች የምትኖር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ሊሳፈር ሲል ካርቶን አስታቅፏት ገባ። ካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አለ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ፀጉሯ ዓይኗን የሸፈነ ሚጢጢ ቡችላ። ልጅቱ ደስ ብሏት አቀፈቻት። ወዲያው ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። ቡችላዋ አንገቷን ታካለች፣ ዞራ ጭራዋን ትነክሳለች፣ እንደገና ታካለች።

«ቁንጫ ነው!» አለች ልጅቱ። «የከብት መዥገር መድኃኒት ገዝቼ እነክራታለሁ።»

ይህን የሰሙ አንድ አዛውንት ብድግ አሉ። ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ገጠር ከብት ሲያክሙ የኖሩ፣ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ሰው ናቸው። «ተይ ልጄ፣ ትገያታለሽ!»

እውነታቸውን ነው። በየገበያችን ለመዥገር የሚሸጠው ዲያዚኖን ለከብት የተሠራ ነው። በዚህች ትንሽ ገላ ላይ ሲፈስ ምራቅ ያዝረከርካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋዝ ማፍሰስም ያው ነው፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ቡችላዋም ስትልሰው ትመረዛለች። ስንቱ ቡችላ ከቁንጫው ተርፎ በመድኃኒቱ ሞቷል!

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

ተንበረከኩና የጭራዋን ሥር ፀጉር ገለጥ አደረጉ። ቆዳው ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ አለ። በእርጥብ ሶፍት አነሱት፤ ሶፍቱ ቀላ። «አየሽ? አፈር አይደለም። ቁንጫው ጠጥቶ ያወጣው የእሷው ደም ነው።» ከዚያ ከንፈሯን ገልበጥ አድርገው ድዷን አዩ። «ተመስገን፣ ቀይ ነው። ነጥቶ ቢሆን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ነበር የምትሄዱት።» ለትልቅ ውሻ ከቁብ የማይቆጠር ደም ለጨቅላ ቡችላ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ የሀርጌሳ አዛውንት ራቅ ብለው ያያሉ። በሶማሌዎች ዘንድ በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ፣ እርጥብ ውሻ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አንዱን በአፈር። እናም አልቀረቡም። ግን ውሃ የያዘ ጀሪካን አምጥተው መሐል ላይ አኖሩና አጠጧት ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ልጅቱ «አዴር» (አጎቴ) ብላ ጠርታ በቋንቋቸው አመሰገነቻቸው። ይህን ደግነት ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ጋሼ ቀጠሉ። «ቤት ስትደርሺ ውሃ ለብ አድርጊ፤ ለስላሳ ሻምፑ ይበቃሻል። መጀመሪያ አንገቷን ዙሪያውን አረፋ አልብሺው፤ አለዚያ ቁንጫው ውሃውን ሲሸሽ ወደ ጆሮዋና ወደ ዓይኗ ይወጣል። ከዚያ በቅማል ማበጠሪያ ከሥሩ አበጥሪያት፤ ማበጠሪያውን ሳሙና ባለበት ውሃ እየነከርሽ። ፀጉራም ናትና እስከ ቆዳዋ አድርቂያት፤ ብርድ ይገድላታል። የቁንጫ መድኃኒት ከሆነ አብዛኛው ስምንት ሳምንት ላልሞላት አይፈቀድም። ሲሞላት ሐኪም መዝኗት በክብደቷ ልክ ይስጣት። ድመት አለሽ?»

«ሁለት አሉኝ።»

«እንግዲያው ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ጠብታ ደጅሽ አይድረስ። ድመት ይገድላል።»

ልጅቱ ካርቶኑን ልትሸከም ስትል እጇን ያዙ። «ይህ ብርድ ልብስስ?»

«ከእሱ ጋር ነው የለመደችው ጋሼ...»

«ዋናው ቁንጫ ያለው እዚህ ነው!»

ዋናው ነገር ይህ ነው። ውሻው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነው። አንዲት እንስት በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ልሙጥ ስለሆነ ከፀጉሩ ላይ ተንሸራቶ መኝታው ላይ ይረግፋል። የሚፈለፈለው ትል ያን የደረቀ ደም እየበላ ያድጋል፤ ኋላም ድር ጠቅልሎ ይተኛል። ሙቀትና የእግር ኮቴ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ባዶ የሰነበተ ቤት ስንገባ ቁንጫ የሚወርረን ለዚህ ነው። የሀርጌሳ ድርቀት ትሉን ያደርቀዋል፤ ብርድ ልብስ እጥፋት ውስጥ ግን ሙቀቱም እርጥበቱም አለለት።

ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ ታጠበ፤ ፀሐይ ላይ ዋለ። ወለሉ በየቀኑ ተጠረገ፣ ጥራጊው ከግቢ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ልጅቱ ጋሼ ዘንድ ደወለች። «ማበጠሪያው ላይ አሁንም አገኘሁ! ከንቱ ደከምኩ።»

«ከንቱ አይደለም። ድር ጠቅልሎ የተኛው ነው አሁን የሚወጣው፤ እሱን መድኃኒትም አያገኘው። እንቁላል ሳይጥል በማበጠሪያ ያዥው፤ መኝታዋን በየሳምንቱ እጠቢ። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ደግሞ ጭራዋ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካየሽ ንገሪኝ፤ ቁንጫ ስትውጥ የሚይዛት የኮሶ ትል ነውና እሱም የራሱ መድኃኒት አለው።»

«እሺ ጋሼ። ድዷ ግን ቀይ ነው፤ ጠዋት አይቻለሁ።»