የመምህር ጡረታ አመጣጥና የመምህራን ማኅበር ድካም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አረቅጥ

የትምህርት ቤት በዓል በተከበረ ቁጥር ትምህርት ቤቱን ያቆሙት፣ ገንዘብ ያዋጡትና ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁት ይመሰገናሉ፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን 30 እና 40 ዓመት በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆሞ የኖረው መምህር ሥራውን ካስረከበ በኋላ በምን እንደሚኖር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የመምህር ጡረታ በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረና እስከ ዛሬ ምን እንደ ጎደለው በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በጥንት ዘመን የቤተ ክርስቲያን የኔታ የሚተዳደረው ቤተ ክርስቲያኑ በሚሰጠው መሬትና ወላጆች በሚያመጡለት እህል ነበር፤ ውሃ የሚቀዱለትና እንጨት የሚለቅሙለትም ተማሪዎቹ ነበሩ። የቁርዓን መምህርም እንደዚሁ በወላጆች ስጦታ ይኖር ነበር። ሲያረጅ ልጁ ወይም ደቀ መዝሙሩ ይጦረዋል። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ያረጀን ወላጅ መመገብንና መንከባከብን ያመለክታል። በእኛም አገር በጉመር ደጋ ሽማግሌ የሚጦረው በልጆቹና በእንሰቱ ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የሚመጣ መምህር ግን እንሰት የሚተክልበት ጓሮ የለውም። የጡረታ ሕግ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር መምህራኑ በብዛት ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ትምህርት ቤቶች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየተስፋፉ ሲሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን በረከቱ። በጉራጌ አገርም መንግሥት ከከፈታቸው ሌላ ሚሲዮኖች፣ ለምሳሌ በእምድብር የካቶሊክ ሚሲዮን፣ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

መምህራኑም አንድ ሰው ብቻውን የሚያሰማው አቤቱታ እንደማይደመጥ ስለ ተረዱ በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር ከጊዜ በኋላ አገር አቀፍ ሆኖ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ተባለ። የጡረታውም ሕግ በመጀመሪያ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መምህር ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥትም በበኩሉ ከመቶ 6 ይከፍሉ ጀመር። እንግዲህ መምህሩ ከወር ደመወዙ ቀንሶ ያስቀመጠውን ሲያረጅ ቢቀበል፣ ይህ ያደረ ደመወዝ ነው እንጂ ምጽዋት ሊባል አይገባውም። የማኅበሩም ድምፅ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጎልቶ ተሰማ፤ መምህራን ደመወዝ እንዲሻሻልና የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ እንዲቀር ሥራ ባቆሙ ጊዜ መላው አገር ሰምቷል።

ነገር ግን የ1955ቱ አዋጅ የመንግሥትን ሠራተኛ ብቻ የሚመለከት ነበር። ይህም እኛን የሚሲዮን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። የሚሲዮን መምህር ከመንግሥት መምህር ጋራ አንድ ዓይነት ትምህርት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹም ከሌሎቹ ጋራ ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። ሲያረጁ ግን አንዱ በየወሩ አበል ሲቀበል፣ ሌላው አሠሪው ያስቀመጠለት መጠባበቂያ ገንዘብ ከሌለ ባዶ እጁን ይቀራል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያዘጋጁት የመምህራን ምክረ ሐሳብ መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. በፓሪስ ሲጸድቅ፣ መምህራን በማናቸውም ዓይነት ትምህርት ቤት ቢያገለግሉ ተመሳሳይ የማኅበራዊ ዋስትና ጥበቃ እንዲያገኙ መክሮ ነበር። የዓለም የመምህራን ቀን የሚከበረውም ይህንኑ ዕለት በማስታወስ ነው።

በአገራችን ይህ ልዩነት በሕግ የተነካው ከዚያ 44 ዓመት ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጣ፤ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችም በፈቃዳቸው እንዲገቡበት በር ተከፈተ። መዋጮውም ደረጃ በደረጃ ከሠራተኛው ከመቶ 7፣ ከአሠሪው ከመቶ 11 ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። ይሁን እንጂ አዋጁ በወጣበት ጊዜ 55 ዓመት የሞላውን፣ መጠባበቂያ ገንዘብም ያልነበረውን አንድ የሚሲዮን መምህር እናስብ። እስከ 60 ዓመቱ የሚቆጠርለት 5 ዓመት ብቻ ነው፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ከዚያ በፊት ያስተማረበት ዘመን ሁሉ አልተቆጠረለትም።

ዘመኑ የተቆጠረለትም መምህር ቢሆን ሒሳቡን እንይ። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት 10 ዓመት ላገለገለ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30 ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ጠቅላላውም ከመቶ 70 አይበልጥም። በ22 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ 38 ዓመት ያስተማረ ከመቶ 65 ያገኛል፤ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን አበሉ 6,500 ብር ነው ማለት ነው። ይህ አበል መንግሥት በየጊዜው ካላሻሻለው በቆመበት ይቀራል፤ የገበያ ዋጋ ግን ጡረታ አይወጣም።

በክፍለ ሀገር ያለው ሥራ ደግሞ አብዛኛው የወረቀት ሥራ ነው። ማኅበሩ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ በወረዳና በዞን እስከ ክልል የተዘረጋ ነው። የአረቅጥ መምህር ጉዳይ ከጉመር ወረዳ ወደ ወልቂጤ፣ ከዚያም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ወደ ሐዋሳ ይሄድ ነበር፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ የክልሉ መቀመጫ ሆሳዕና ነው። ከወረዳ ወረዳ እየተዛወረ የኖረ መምህር የቅጥር ደብዳቤው ቢጠፋ፣ ወይም መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ቢሳሳት፣ አዋጁ ያልከለከለውን አበል ፋይሉ ይከለክለዋል። በዚህ ጊዜ ደጅ የሚጠና ወኪል ያስፈልጋል። የማኅበሩ መዋጮ ግን ከደመወዝ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ ደመወዙ የቆመ መምህር ከማኅበሩም እንዳይርቅ ያሰጋል። ስለሆነም የወረዳው ማኅበር ጡረተኞቹን በስብሰባው ሊጠራቸውና የሚናገርላቸው ሰው ሊመድብላቸው ይገባል።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ የምሥረታ በዓል ምክንያት አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በውስጡም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስተማሩን መምህራን ሁሉ ስም፣ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ዘመን ይጻፍ። እኛም ተማሪዎች በየመንደሩ ያሉትን አረጋውያን መምህራን እየጠየቅን እንሰብስብ። ለትምህርት ቤቱ ታሪክ ይሆናል፤ ወረቀቱ ለጠፋበት መምህር ደግሞ ምስክር ሊሆነው ይችላል። የፊደልን ዕዳ የምንከፍልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።