የነርቭ ሕዋስን በሕይወት የሚያቆየው መልእክት

የነርቭ ሕዋስ በሕይወት የሚቆየው ከሌሎች ሕዋሳት የሚላክለት የኬሚካል መልእክት እስካልተቋረጠበት ድረስ ነው። መልእክቱ ሲቀር በውስጡ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው የሞት ሥርዓት ይነሣና ሕዋሱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ይህ እውነት ተጣርቶ እስኪታወቅ ከስድሳ ዓመት በላይ ወስዷል። የምርምሩ መነሻ የጫጩት ጽንስ ነበር።

ጀርመናዊው የሥነ ጽንስ ተመራማሪ ቪክቶር ሃምበርገር እ.ኤ.አ. በ1932 ከፍራይቡርግ ወደ ቺካጎ ለጥናት ሄደ። በዓመቱ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ በአገሩ የነበረውን ሥራ አጣና እዚያው አሜሪካ ቀረ። በ1934 ባሳተመው ጥናት፣ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረው የጫጩት ክንፍ ከጽንሱ ላይ ሲቆረጥ፣ ያን ክንፍ ሊያንቀሳቅሱ የነበሩት የኅብለ ሰረሰር የነርቭ ሕዋሳት ቁጥር በእጅጉ እንደሚያንስ አሳየ። ክንፉ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንዲፈጠሩ የሚያነሣሣ ነገር ይልካል፣ ክንፉ ከሌለ ግን ሕዋሳቱ አይፈጠሩም ሲልም ደመደመ።

ይህን ድምዳሜ የሞገተችው በጣሊያን ቱሪን ከተማ የምትኖረው ሐኪም ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። በ1938 የወጣው ፀረ-አይሁድ ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ስላገዳት፣ በመኝታ ክፍሏ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋመች። የልብስ መስፊያ መርፌ እየሳለች በዚያ ጽንሶችን ትቀድ ነበር። ከሥራ የታገዱት መምህሯ ጁሴፔ ሌቪም አብረዋት ይሠሩ ነበር። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ሥራዋን ወደ ገጠር ይዛ ሄደች። ሕዋሳቱን በየቀኑ በተከታታይ ስትቆጥር ያገኘችው ውጤት ከሃምበርገር የተለየ ነበር፦ ሕዋሳቱ ይፈጠራሉ፣ ያድጋሉ፣ ወደጠፋው ክንፍም ክራቸውን ይዘረጋሉ፤ የሚቀበላቸው አካል ሲያጡ ግን ይሞታሉ።

ሃምበርገር ጽሑፏን አንብቦ ወደሚያስተምርበት በሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋበዛት። በ1947 ሄደች፤ ሁለቱ ሥራውን አብረው ደግመው ሲያዩት እርሷ ትክክል ሆና ተገኘች። በ1949 ያወጡት ጥናት ምንም ባልተነካ ጤነኛ ጽንስም ውስጥ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ገለጸ። ጡንቻን ከሚያንቀሳቅሱት የጫጩት ነርቭ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ሳይፈለፈል እንደሚጠፉ በኋላ ተረጋግጧል። አካል ነርቭ የሚያገኘው ከሚያስፈልገው በላይ ከተፈጠሩት ሕዋሳት መካከል መልእክቱን ያገኙት ብቻ ተርፈው ነው።

መልእክቱን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ምንነት ግን ገና አልታወቀም ነበር። ኤልመር ቢውከር የተባለ የሃምበርገር የቀድሞ ተማሪ ሳርኮማ የተባለ የአይጥ ካንሰር ዕጢ በጫጩት ጽንስ ላይ ሲተክል፣ በአካባቢው ያሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ማበጣቸውን በ1948 አሳወቀ። ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1952 ዕጢውን የተሸከሙ ሁለት አይጦች ይዛ በአውሮፕላን ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተጓዘች። እዚያ በኸርታ ማየር ቤተ ሙከራ የነርቭ ቋጠሮን ከዕጢው አጠገብ በብርጭቆ ዕቃ ስታሳድግ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የነርቭ ክሮች በዙሪያው እንደ ፀሐይ ጨረር ፈነጠቁ።

በ1953 የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ስታንሊ ኮኸን ቡድኑን ተቀላቀለ። ንጥረ ነገሩ ኑክሊክ አሲድ ይሁን ፕሮቲን ለመለየት፣ ኑክሊክ አሲድን የሚያፈርስ የእባብ መርዝ ጨመረበት። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር፤ የነርቭ ክሮቹ ከበፊቱ ይልቅ በብዛት አደጉ። መርዙ ራሱ በዚያ ንጥረ ነገር የበለጸገ ነበርና። መርዝ የሚመነጨው ከምራቅ ዕጢ ጋር ከሚዛመድ አካል መሆኑን ያስተዋለው ኮኸን የአይጥ ምራቅ ዕጢን መረመረ፤ ንጥረ ነገሩንም በብዛት አገኘ። ይህ ፕሮቲን የነርቭ አሳዳጊ ፋክተር ተባለ።

ፕሮቲኑ ለሕይወት የግድ አስፈላጊ መሆኑን ያረጋገጠው ተከትሎ የመጣው ሙከራ ነው። ፕሮቲኑን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ገና በተወለዱ አይጦች ሲወጋ፣ የልብንና የደም ሥርን ሥራ ከሚቆጣጠሩት መካከል የሆኑት ሲምፓቴቲክ ነርቮቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፉ። ለዚህ ግኝት ሌቪ-ሞንታልቺኒና ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጥናቱን የጀመረው ሃምበርገር በሽልማቱ አለመካተቱ ተገቢ አልነበረም።

ቀጣዩ ጥያቄ መልእክት የተቋረጠበት ሕዋስ እንዴት ይሞታል የሚል ነበር። ብዙዎች ምግብ እንዳጣ ፍጡር ደክሞ ይሞታል ብለው ያስቡ ነበር። በዚያው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዩጂን ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ1988 ያሳዩት ግን ሌላ ነው፤ አሳዳጊው ፕሮቲን የተነሣባቸው ሕዋሳት አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠሩ በመድኃኒት ሲታገዱ ሳይሞቱ ቆዩ። ስለዚህ ሞቱ ሕዋሱ ራሱ ሠርቶ የሚፈጽመው ተግባር ነው። የዚህን ተግባር ጂኖች ተመራማሪው ሮበርት ሆርቪትዝ ሲ. ኤለጋንስ በተባለች ትንሽ ትል ውስጥ አገኘ። በትሏ ዕድገት ከሚፈጠሩት 1,090 ሕዋሳት 131ዱ በተወሰነላቸው ጊዜ ይሞታሉ። የሰው ልጅም ተመሳሳይ ጂኖች እንዳሉት ታወቀ።

በ1990ዎቹ የመልእክቱ መንገድ ተገለጠ። ፕሮቲኑ በነርቭ ክር ጫፍ ላይ ካለው ትረክ-ኤ ከተባለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ ምልክቱም በክሩ ተጉዞ ወደ ሕዋሱ አካል ይደርሳል። እዚያ ኤኬቲ የተባለው ኤንዛይም ይነቃና ሞት አምጪ ፕሮቲኖችን ያግዳል። ምልክቱ ሲቀር ባክስ የተባለው ፕሮቲን የሚቶኮንድሪያን ሽፋን ይበሳል፤ ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን ከውስጡ ይፈስሳል፤ ካስፔዝ የተባሉት ኤንዛይሞችም ተነሥተው ሕዋሱን ይቆራርጡታል።

ይህን እውቀት ለአንጎል በሽታዎች መድኃኒት ማድረግ ቀላል አልሆነም። ፕሮቲኑ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አይሻገርም፤ ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችንም ስለሚቀሰቅስ ሥቃይ ያመጣል። በዓይን ላይ ግን ተሳክቷል። ከሰው ጂን የተሠራው የነርቭ አሳዳጊ ፋክተር፣ ነርቩ በመጎዳቱ የቆሰለን የዓይን ብሌን መስታወታማ ሽፋን ለማከም በጠብታ መልክ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓ፣ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል።