ወርቁ ሄደ፤ መድረኩ ቀረ

ከጃፓን ዋና ደሴት ከሆንሹ በስተምዕራብ፣ በጃፓን ባሕር ላይ፣ ሳዶ የሚባል ደሴት ይገኛል። ስፋቱ 855 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኒጋታ ወደብ በመርከብ ተሻግሮ የሚደርስ ጎብኚ ሁለት የተራራ ሰንሰለቶችንና በመካከላቸው የተንጣለለ የሩዝ ማሳ ያያል። በየመንደሩ መቅደስ ግቢ ደግሞ ከእንጨት የታነጸ፣ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ መድረክ ያጋጥመዋል። ይህም የኖ ቴአትር መድረክ ነው። ዛሬም ከ30 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ መድረኮች በደሴቱ ላይ ቆመው ይታያሉ። ኖ በኪዮቶና በኤዶ የጦር አለቆችና የመኳንንት ኪነ ጥበብ ነበር። ታዲያ ከሩቅ ደሴት የሩዝ ገበሬ እጅ እንደምን ገባ? መልሱ የሚገኘው በሁለት የታሪክ ጎዳናዎች ነው፤ በግዞትና በወርቅ።

ሳዶ ለብዙ ዘመን ገዥዎች የተቀየሟቸው ሰዎች የሚጋዙበት ምድር ነበረ። በ1221 እ.አ.አ. የካማኩራን የጦር መንግሥት ለመጣል በተደረገው ሙከራ የተካፈለው፣ ከዙፋኑ የወረደው ንጉሠ ነገሥት ጁንቶኩ ወደዚያ ተላከ፤ 21 ዓመት በግዞት ኖሮም እዚያው ሞተ። የቡድሃን ሃይማኖት ይሰብክ የነበረው ኒቺሬንም በ1271 ተጋዘ። በ1434 ደግሞ፣ ከአባቱ ከካንአሚ ጋር ኖን ለከፍተኛ ደረጃ ያበቃው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ዜአሚ፣ ዕድሜው ከሰባ ካለፈ በኋላ፣ በሾጉን አሺካጋ ዮሺኖሪ ትእዛዝ ባሕሩን ተሻገረ። በግዞት ሳለም ስለ ደሴቱ ግጥሞች ጻፈ። ይሁን እንጂ ኖን በሳዶ ሕዝብ መካከል ያስፋፋው ዜአሚ ነው ማለት ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። ከእርሱ ግዞት አንሥቶ ኖ በደሴቱ ሥር እስከ ሰደደበት ዘመን ድረስ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል።

በ1601 አይካዋ በተባለው ሥፍራ የወርቅና የብር ማዕድን ተገኘ። ሥልጣን በመጨበጥ ላይ የነበረው ቶኩጋዋ ኢዬያሱም ደሴቱን በቀጥታ በራሱ አገዛዝ ሥር አደረገ። ማዕድኑን እንዲያስተዳድር የተሾመው ኦኩቦ ናጋያሱ ከሳሩጋኩ ተዋንያን ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር፤ ሳሩጋኩ ማለት የኖ የቀድሞ ስሙ ነው። በ1604 ወደ ሳዶ ሲመጣ ተዋንያንንና የሙዚቃ ሰዎችን አስከትሎ መጣ። እንዲህ ከሹም ጓዝ ጋር የገባው ጥበብ ግን ከሹም አዳራሽ ውስጥ ታጥሮ አልቀረም። ገበሬው ራሱ ጭምብል አጥላቂ፣ ዋሽንት ነፊና ከበሮ መቺ ሆነ፤ ኖም ለመቅደሱ በዓል የሚቀርብ የመንደር ሀብት ሆነ። በ1846 የተሠራው የዳይዘን መቅደስ መድረክ በደሴቱ ላይ ካሉት ሁሉ የቆየው ነው፤ ዛሬም በሞቃቱ ወራት ምሽት በእሳት ብርሃን ትርዒት ይቀርብበታል።

ጎብኚው ከመድረኩ ወደ ማዕድኑ ሲያልፍ የሚያየው ሌላ ነው። ዶዩ ኖ ዋሪቶ የተባለው ተራራ ከአናቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ 30 ሜትር ያህል ስፋትና 74 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። የከፈለው መብረቅ ወይም ጎርፍ ሳይሆን ወርቅ ፍለጋ የተሰማራ የሰው ክንድ ነው። ከተራራው ሥር የተቆፈሩት ዋሻዎች በድምሩ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ከዚያም በአራት መቶ ዓመት ገደማ 78 ቶን ወርቅና 2,330 ቶን ብር ወጥቷል።

ዋሻው በጠለቀ ቁጥር ውሃ ይሞላ ስለነበር፣ ቀንና ሌሊት ውሃ ቀድቶ የሚያወጣ ጉልበት ያስፈልግ ነበር። ከ1778 ጀምሮ በኤዶና በሌሎች ከተሞች በሕዝብ መዝገብ ያልሰፈሩ ድሆች እየታፈሱ ለዚህ ሥራ ተላኩ። እስከ ቶኩጋዋ አገዛዝ ፍጻሜ ድረስ የተጋዙት ቁጥር ወደ 1,800 ይደርሳል፤ ብዙዎቹም ወደ ትውልድ አገራቸው አልተመለሱም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት የእነዚህን ሰዎች ዕጣ በሚገባ ይገልጸዋል። የማዕድኑ ሰዎች ግን ኪነ ጥበብ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። «ማለስለስ» የሚል ትርጉም ባለው በያዋራጊ ሥርዓታቸው፣ የተራራው አምላክ ልቡ እንዲራራና ድንጋዩ እንዲለሰልስ ያዜሙ ነበር።

የጉልበት ብዝበዛው ከሾጉኖቹ ጋር አብሮ አላከተመም። ማዕድኑ በ1896 ወደ ሚትሱቢሺ ኩባንያ ተዛወረ። ከ1939 እስከ 1945 ድረስም በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ከነበረችው ከኮሪያ 1,500 ያህል ሠራተኞች መጥተው በዋሻው ውስጥ በአደገኛ ሥራ ላይ ተሰማሩ። ዩኔስኮ በሐምሌ 2024 የሳዶን ማዕድን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የጃፓን መንግሥት የማዕድኑን ታሪክ በሙሉ ለጎብኚ ለማሳየት ቃል ገባ። ይሁንና «የግዳጅ ሥራ» የሚለው ቃል በኤግዚቢሽኑ ላይ ባለመስፈሩ በደቡብ ኮሪያ ቅሬታ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይም የኮሪያ መንግሥት ሳይገኝ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ቅርስን መመዝገብና እውነቱን መመስከር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን።

ማዕድኑ በ1989 ተዘጋ። ወርቁ የገዥዎችን ግምጃ ቤት ሞልቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሄደ፤ ለሳዶ ሕዝብ የቀረለት ባዶ ዋሻ ነው። መድረኩ ግን አልተዘጋም፤ ሕዝቡ የራሱ ስላደረገው ገዥዎች ይዘውት ሊሄዱ አልቻሉም። ዘላቂው ባህል ይኸው ነው። ሆኖም ውሃ ቀጂውና ከኮሪያ የመጣው ሠራተኛ በዚያ መድረክ ላይ ገና ሙሉ ቦታቸውን አላገኙም። የሳዶ ታሪክ ተሟልቶ ተነገረ የሚባለው፣ ጎብኚው በእሳት ብርሃን ጭምብሉን ባደነቀበት ዓይኑ፣ በተሰነጠቀው ተራራ ሥር የወደቁትንም ሰዎች ለማየት ሲችል ነው።