የክልል ጋዜጣ ማስታወቂያ ተመንና አማራጮች (በኩርና የአማራ ክልል)

የክልል ጋዜጣ ማስታወቂያ በአንድ ክልል ውስጥ በሚሠራጭ ጋዜጣ ላይ በክፍያ የሚወጣ መልእክት ነው፤ ተመን የሚባለው ደግሞ ለስፋቱ፣ ለሚያርፍበት ገጽ፣ ለቀለሙና ለድግግሞሹ የሚጠየቀው ዋጋ ነው። በአማራ ክልል ዋናው ምሳሌ በኩር ጋዜጣ ነው። በኩር በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በየሳምንቱ ሰኞ የሚወጣ ጋዜጣ ሲሆን አሳታሚው መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ በቀድሞ ስሙ የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት ነው። ተቋሙ በሌሎች የክልሉ ቋንቋዎችም ጋዜጦች ያሳትማል፤ ሬድዮና ቴሌቪዥንም አለው። ማስታወቂያ ሲባል ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት ዕቃውን ለመሸጥ የሚሻ ነጋዴን ነው። የክልል ጋዜጣን የማስታወቂያ ገጾች የሚገልጥ ሰው በብዛት የሚያገኘው ግን ጨረታ፣ ሐራጅ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የክፍት የሥራ ቦታና የጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ ነው። አብዛኛው ማስታወቂያ አስነጋሪ ገጹን የሚገዛው ደንበኛ ፍለጋ ሳይሆን ሕግ ስላዘዘው ነው ማለት ነው። ተመኑንም መረዳት የሚቻለው ከገበያው ይልቅ ከዚህ ግዴታ ተነሥቶ ሲታይ ነው፤ የሚከፈለው ብር ተገቢ መሆን አለመሆኑም የሚመዘነው መብቱ ወይም ጥቅሙ የሚነካው ሰው ጉዳዩን በጊዜ በማወቅ ባለማወቁ ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ ከአሳታሚው መቀመጫ የራቀች በመሆኗ ለዚህ ምዘና ጥሩ መነሻ ትሆናለች።

ታሪካዊ መነሻ

የጋዜጣ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ መቼ ጀመረ ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የሚስማማበት መልስ የለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው አእምሮ ነው። አዘጋጁ አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ግሪካዊ አንድሪያስ ካቫዲያስ ሲሆን ስሙን ያወጡለት ዐፄ ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። የተጀመረበት ዓመት ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ 1893 የሚሉ አሉ፣ 1895 ዓ.ም. የሚሉም አሉ። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ እንደነበር ግን ብዙዎቹ ያነሣሉ። ይህ ቁጥር ለዚህ ጉዳይ ከዓመተ ምሕረቱ ክርክር ይበልጥ ይጠቅማል። በ24 ቅጂ የሚሠራጭ ጋዜጣ ለነጋዴ የሚሸጠው አንባቢ የለውም፤ ጥቅሙ ጥቂት ባለሥልጣኖች አንድ ነገር በአንድ ቀን እንዲያውቁ ማድረጉ ነው። ከዋና ከተማው ውጭ የታተመ ጋዜጣ ሲፈለግ ደግሞ በ1897 ዓ.ም. ገደማ በሐረር የካፑቺን ሚሲዮናውያን በፈረንሳይኛ ያሳትሙት የነበረው ይጠቀሳል። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲቋቋሙ ኅትመቱ ወደ ብዙ ቅጂ ተሻገረ። የንግድ ማስታወቂያን ታሪክ ከዚህ ዘመን የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አሳማኝ ምክንያት አላቸው።

ሆኖም የዛሬውን የክልል ጋዜጣ ገጽ የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ የዘር ሐረግ መሄድ ይኖርበታል። ከኅትመት በፊት የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ፣ አዋጅ ነጋሪው በአደባባይና በገበያ ሲያሰማ ነበር። ጎንደር ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ በነበረችባቸው ዓመታትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የገበያ ቀን ለአዋጅ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣው በዚያ ቀን ነው። መልእክቱ ሰው ወዳለበት ይሄድ ነበር እንጂ ሰው መልእክቱን እንዲፈልግ አይጠበቅም ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ይህ አሠራር ወደ ወረቀት ገባ፤ አዋጅና ደንብ ብቻ ሳይሆን አጠቃላይ ማስታወቂያም ይወጣበት ነበር። የአማራ ክልል ምክር ቤትም ሕጎቹን የሚያወጣበት ዝክረ ሕግ የተባለ የራሱ ጋዜጣ አለው። በእነዚህ መንግሥታዊ ጋዜጦች ቦታ የማያገኘው የዕለት ተዕለት ግዴታ፣ ማለትም የወረዳ ግዥ፣ የባንክ ሐራጅና የዳኛ ጥሪ፣ በዜና ጋዜጣ ጀርባ ላይ ማረፍ ነበረበት። የበኩር የማስታወቂያ ገጾች ከነጋዴው ይልቅ ከአዋጅ ነጋሪው ወገን ናቸው የሚለው አስተያየት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ግዴታው ከየት ይመጣል

የ1952ቱ የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ስብሰባ ጥሪ በጋዜጣ እንዲወጣ ያዝ ነበር። በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሽ በአድራሻው ሲታጣ ጥሪው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሲሰጣቸው፣ ሐራጁ በይፋ መነገር ያለበት ነው። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የአንድ ምልክት ምዝገባ ጥያቄ ታትሞ ከወጣ በኋላ ተቃዋሚ 60 ቀን አለው። ከሁሉ የሚበዛው ግን ግዥ ነው፤ የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታ በጋዜጣ እንዲነገር ያስገደደ ሲሆን ክልሎችም ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። የእነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች የጋራ ባሕርይ ከኅትመቱ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው መብት ማጣት ወይም ዕድል ማለፍ መጀመሩ ነው። ለዕቃ የሚነገር ማስታወቂያ ያልደረሰው ሰው ከዕቃው በቀር የሚያጣው የለም። የፍርድ ቤት ጥሪ ያልደረሰው ሰው ግን በሌለበት ይፈረድበታል።

የተመኑ አሠራር

በኢትዮጵያ ጋዜጦች የተለመደው ስሌት ማስታወቂያው የያዘውን የኮለም ብዛት በቁመቱ ሴንቲ ሜትር ማባዛት ነው፤ ለትልልቅ ማስታወቂያዎች ሩብ፣ ግማሽና ሙሉ ገጽ የሚል የቁርጥ ዋጋ ይቀመጣል። የፊትና የጀርባ ገጽ ከውስጥ ገጽ፣ ባለ ቀለሙ ከጥቁርና ነጩ ይወደዳል፤ በተከታታይ እትም ለሚያስነግር ቅናሽ ማድረግም የተለመደ ነው። በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከዜናና ከሌላ ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ስለሚያዝ፣ ዜና አስመስሎ ገጽ መግዛት እንደ አማራጭ ሊቀርብ አይችልም።

ይህ ስሌት ለግዴታ ማስታወቂያ ሲውል የሚያስከትለውን ለማየት የአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የጨረታ ማስታወቂያን በቅርበት መመልከት ይበጃል። ማስታወቂያው ለሴክተር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት የሚውሉ ዕቃዎችን በሎት (በምድብ) ይዘረዝራል፦ ሎት 1 የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት 2 የጽዳት ዕቃ፣ ሎት 3 ኤሌክትሮኒክስ፣ ሎት 4 የደንብ ልብስ፣ ሎት 5 የመኪና ጎማ። ከዚያ የሚፈለጉት ይከተላሉ፦ የዘመኑን ግብር የከፈለበት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጨረታ ማስከበሪያ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ወይም በጥሬ ገንዘብ መሂ 1 በተባለው የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ገቢ የተደረገበት ማስረጃ። ሰነዱ የማይመለስ ብር ተከፍሎ ይገዛል፤ ዋጋው በታሸገ ኤንቨሎፕ ሆኖ ለዚሁ በተዘጋጀው ሳጥን ይገባል፤ ጨረታው ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፤ ዕለቱ የበዓል ቀን ከሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሆናል። መዝጊያው መሥሪያ ቤቱ የተሻለ መንገድ ካገኘ ጨረታውን በከፊልም ሆነ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ መሆኑን ያስታውቃል። ከዚህ ጽሑፍ የሚበዛው በየወረዳው አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን በኮለምና በሴንቲ ሜትር ሲለካ እያንዳንዱ መስመር ይከፈልበታል። በ3 ኮለም 20 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ጨረታ 60 የክፍያ መለኪያ ይሆናል። የተለመዱት ግዴታዎች ወደ ጨረታ ሰነዱ ተዛውረው ቁመቱ ወደ 12 ቢወርድ 36 ይሆናል፤ ወረዳው ከወጪው 40 በመቶውን ያተርፋል፣ አንባቢም የሚፈልገውን ቶሎ ያገኛል። ለወረዳ መሥሪያ ቤት የሚጠቅመው የተመን ድርድር ሳይሆን አጻጻፍን ማሳጠር ነው ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ነው።

ጊዜውም ከተመኑ ጋር መታየት አለበት። የክልሉ ጨረታዎች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ15 ተከታታይ ቀናት ይቆያሉ። ጋዜጣው የሚወጣው ሰኞ ነው፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ደግሞ በመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከሰኞ የሚቆጠሩት 15 ቀናት 11 የሥራ ቀናት አሏቸው። ጋዜጣው ኮሶዬ በምትገኝበት በወገራ ወረዳ ሐሙስ ቢደርስ የሚቀሩት 8 ብቻ ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የኮሶዬ ዕቃ አቅራቢ ሰነድ ገዝቶ፣ ሲፒኦ አሠርቶ፣ የጅምላ ዋጋ ከጎንደር አጣርቶ ሳጥኑ ዘንድ መድረስ ይኖርበታል። ለባሕር ዳሩ ተወዳዳሪ ግን ሁሉም ቀናት የእርሱ ናቸው። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ገጽ ነው፣ ወረዳውም የከፈለው አንድ ዋጋ ነው፤ የተገዛው ዕድል ግን እኩል አይደለም። ቀኑ ከኅትመት ሳይሆን ወደ ወረዳው ከደረሰበት ዕለት ቢቆጠር፣ ወይም ጨረታው በሁለት ተከታታይ እትሞች ወጥቶ ከሁለተኛው ቢጀምር ልዩነቱ ይጠብባል። ሁለተኛው መንገድ ወጪ ይጨምራል፤ ጭማሪውን ግን ከላይ የታየው 40 በመቶ በአብዛኛው ሊሸፍነው ይችላል።

የንግድ ማስታወቂያ

በክልሉ የንግድ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ባንኮች፣ የግል ኮሌጆችና እንደ ዳሽን ቢራ ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው። የትምባሆ ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ ሲሆን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬድዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ገድቧል። ገደሉንና ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ለማየት ኮሶዬ የሚመጣው ቱሪስት የክልል ጋዜጣ አንባቢ ስላልሆነ፣ የሎጅና የአስጎብኚ ማስታወቂያ በዚህ ገጽ ብዙም አይጠበቅም።

ክርክሮች

በዚህ አተያይ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ጋዜጣ መክፈሉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ማዘዋወር ነው የሚል ነው። በክልል ደረጃ ሲታይ እውነትነት አለው። ወጪው ግን የሚነሣው ከወረዳ በጀት ነው፤ ወረዳ ደግሞ የኪሶቹ ሁሉ ባለቤት አይደለም። ከዚህ የሚከብደው የተቃውሞው ሁለተኛ ክፍል ነው፦ ገቢው በመሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ የቆመ ጋዜጣ እነዚያኑ መሥሪያ ቤቶች ለመተቸት ይቸገራል። ይህ ሥጋት ተገቢ ነው፤ ማስታወቂያው ወደ ግል ጋዜጣ ቢዞርም አይጠፋም፣ ከፋዩ ያው ነውና። ሕንድ ለዚህ አንድ መልስ ሞክራለች፤ የማዕከላዊ መንግሥቱን ማስታወቂያ የሚያከፋፍል አንድ አካል ተቋቁሞ ተመኑ ከሥርጭት መጠን ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ያ አሠራር ከወቀሳ የጸዳ ባይሆንም የሥርጭት ቁጥር መታወቅ እንዳለበት አስቀድሞ ይቀበላል። በኢትዮጵያ የጋዜጣ ሥርጭትን በገለልተኛ ወገን ማስመርመር ሥር የሰደደ ልማድ አይደለም። ለግዴታ ማስታወቂያ ደግሞ ከጠቅላላ ቅጂው ይበልጥ የሚያስፈልገው በየወረዳው የሚደርሰው ቅጂ ብዛትና የሚደርስበት ቀን ነው፤ ተመን ሲወጣ እነዚህ ሁለቱ አብረው ቢታተሙ ከፋዩ ምን እንደገዛ ያውቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት የጋዜጣን ጨረታ ከንቱ ያደርገዋል የሚል ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተጀመረው ሥርዓት ርቀትን ያጠፋል፣ ማን መቼ ሰነድ እንደወሰደም ይመዘግባል፤ ከላይ የተጠቀሰው የ15 ቀን አድልዎም በእርሱ ይቃለላል። ተቃውሞው የሚዘነጋው ግን ተደራሽነት በኢንተርኔት መሥመር ላይ የተመካ መሆኑን ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ብቸኛ ማሳወቂያው በስልክ የሚገኝ ሐራጅ ወይም ጥሪ ቢኖር ኖሮ በሕግ ፊት እንደተነገረ ተቆጥሮ በተግባር ሳይሰማ ያልፍ ነበር። ያው ግጭት የጋዜጣ መጓጓዣንም የሚያውክ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ወረቀት ዘግይቶም ቢሆን ሲደርስ ቀኑ የታተመበት፣ በኋላ ሊታረም የማይችል ማስረጃ ነው፤ ጨረታው በትክክል አልተነገረም ብሎ ለሚያመለክት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይተካ ከማለት ይልቅ ግዥው በኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱ፣ የሰው መብት የሚያስቀረው ሐራጅና ጥሪ ደግሞ በሁለቱም ይውጣ ማለት ይሻላል።

ሌሎች አማራጮች

የሬድዮ ማስታወቂያ በደቂቃ ወይም በቃላት ብዛት ይታሰባል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ይደርሳል፣ ማስረጃ ሆኖ ለመቅረብ ግን ይቸግራል። የወረዳና የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ክፍያ የለውም፤ ብዙ ጨረታዎችም ከጋዜጣው ጎን ለጎን ይለጠፉበታል። የጋዜጣው የማስታወቂያ ገጽ ራሱ የደረሰበት ቀን ተጽፎበት በዚያው መንገድ ባሉት በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ከተሞች ሰሌዳዎች ቢለጠፍ፣ ቀኑ ከዚያ ሊቆጠር ይችላል።