ከለገሃር እስከ ጉባ፦ የባቡር ጣቢያ ጽናት በምን ይመዘናል?



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ከመስተጓጎል ይታደገዋልን? መልሴን ከታሪክ እጀምራለሁ።

በ1969 ዓ.ም. በምሥራቅ የባቡር ድልድዮች በጦርነት ሲፈርሱ፣ ለገሃር ጣቢያ ግንቡ ሳይነካ ከጅቡቲ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ጣቢያ የሚጸናው ከሩቅ በሚያገናኘው መስመር ልክ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ደግሞ ከስታዲየም እስከ ልደታ አምስት ጣቢያዎችን ይጋራሉ፤ በዚያ የሚደርስ ብልሽት ሁለቱንም ያውካል።

ስለዚህ ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል አስፈላጊ እንጂ በቂ አይደለም። የጣቢያን ጽናት መመዘን ያለብን በሕንፃው ጥንካሬ ሳይሆን፣ ባቡር ሲቆም መንገደኛውን በምን ያህል ጊዜና በየትኛው አማራጭ ወደ ጉዞው እንደሚመልሰው ነው።