ሸክላ፣ ላሜራና ከሰል፦ የቆጣቢ ምድጃ ዋጋ ታሪክ

በጃፓን ሥጋና ዓሣ የሚጠበስበት አነስተኛ የሸክላ ከሰል ምድጃ ሺቺሪን ይባላል። ቃሉ ሲፈታ «ሰባት ሪን» ማለት ነው። ሪን የአንድ የን ሺህኛ ክፍል የነበረች፣ ዛሬ ከመገበያያነት የወጣች ሽርፍራፊ ገንዘብ ናት። ስለ ስያሜው ከሚነገሩት አንዱ፣ ምድጃው ከሰል ስለሚቆጥብ የሰባት ሪን ከሰል አንድ ማዕድ ለማብሰል ይበቃው ነበር የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ ስሙን ያወጡት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። የጠሩት ዕቃው የተሸጠበትን ዋጋ ሳይሆን ዕቃው በየቀኑ የሚበላውን ነው። የሸክላ ከሰል ምድጃ ከእስያ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ታሪክም በአመዛኙ የእነዚህ የሁለቱ ዋጋዎች ታሪክ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚከፈለውና ዕለት ዕለት የሚከፈለው።

ሸክላ ከሰል የሚቆጥብበት ምክንያት ቀላል ነው። ብረት ሙቀትን ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ ይለቃል። ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራ ምድጃ ሲነድ ጎኑ በእጅ አይነካም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እግርና የቤቱን አየር ያሞቃል፣ ለድስቱ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ሸክላ ግን ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ፍሙን አቅፎ ይይዛል፣ ራሱም ቀስ ብሎ ይግልና ከሰሉ እያለቀ ሲሄድ እንኳ ድስቱን ማሞቁን ይቀጥላል። በሙከራ እንደታየው ተራው የብረት ምድጃ ከከሰሉ ሙቀት ለምግቡ የሚያደርሰው ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆነውን ሲሆን፣ ሸክላ የለበሰው ከ25 እስከ 40 ያደርሳል። ጃፓኖች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በኖቶ ልሳነ ምድር የሚሠራው ምርጥ ሺቺሪን ከተራ ጭቃ ሳይሆን፣ በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከተከማቸ የደቃቅ ፍጡራን ቅሪት ከሆነ ቀላል አፈር የሚወጣ ነው። አፈሩ በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ውስጡ ፍም እየነደደ ውጪው ብዙም አይሞቅም።

ሌላው የጃፓን ዕቃ ሩዝ የሚቀቀልበት፣ ክዳኑ እንደ ጉልላት የሆነ ሙሺካማዶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ወሰዱትና የሥጋ መጥበሻ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤድ ፊሸር የተባለ ነጋዴ በአትላንታ ከተማ ይህንኑ መሸጥ ጀመረ፤ ድርጅቱም ቢግ ግሪን ኤግ ተብሎ ታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ሙቀት ሲደጋገምባቸው ይሰነጠቁ ስለነበር በኋላ በጠንካራ ሴራሚክ ተተኩ። ዋጋውም አብሮ ወጣ፤ ዛሬ ትልቁ መጠን ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። በቅናሽ የሚፈልጉ አሜሪካውያን የሚጠብቁት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን የጥብስ በዓል ነው። በዕለቱ ለማሳያ የነደዱት መጥበሻዎች ከበዓሉ በኋላ ከአዲሱ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ።

ወደ አፍሪካ የመጣው ግን የታይላንድ ምድጃ ነው። ታይላንዶች ሾጣጣ ሸክላ በባልዲ ውስጥ አስገብተው፣ በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍተት በሩዝ ገለባ አመድ ይሞሉታል። አመዱ ሙቀት አያሳልፍም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ባልዲው ሸክላውን ከመሰበር ይጠብቀዋል፣ ሸክላው ባልዲውን ከመቃጠል። ሁለቱ ተለያይተው የማይችሉትን ሥራ አብረው ይችሉታል።

በኬንያ ከዚያ በፊት የነበረው ጂኮ የሚባለው የብረት ምድጃ ነው። ያመጡት እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት የመጡት ሕንዳውያን ሠራተኞች እንደሆኑ ይነገራል። ከ30,000 በላይ ሕንዳውያን በሥራው ተሰማርተው ነበር። ምድጃው ከአሮጌ በርሜል ላሜራ የሚቀጠቀጥ፣ ርካሽና ቀላል ነበር፤ ናይሮቢም ለብዙ አሥርት ዓመታት በእርሱ አበሰለች። የነዳጅ ዋጋ ሲንርና ደኑ ሲመናመን ግን የከሰሉ ወጪ ከበደ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 የተባበሩት መንግሥታት የአዳዲስና የታዳሽ ኃይል ምንጮች ጉባኤ ናይሮቢ ላይ ተካሄደ፤ የምድጃው ጉዳይ ትኩረት ያገኘው በዚያ ሰሞን ነው። በአሜሪካ ዕርዳታ የተደገፈ የመንግሥት ፕሮጀክትና ኬንጎ የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅቶች ኅብረት ሥራውን ያዙት፤ የታይላንዱ ባልዲም ለናሙና ቀረበ።

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ቀጥ ያሉ፣ ከላይ እስከ ታች ሸክላ የሞላባቸው ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። ሸክላው ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ላሜራው ደግሞ የሚለጠጠው በራሱ መጠን ነው። ሁለቱ እየተገፋፉ ሸክላው ይሰነጠቃል። መፍትሔው ወገቡ የቀጠነ ምድጃ ሆነ። ላሜራው እንደ ከበሮ ወገብ መሐሉ ላይ ይጠብባል፤ ሸክላው ከወገቡ በላይ ብቻ ይቀመጣል፣ ከላሜራው ጋርም ሲሚንቶና ቀላል ማዕድን በተቀላቀለበት ማጣበቂያ ይያያዛል። የታችኛው ክፍል ባዶ ነው፤ አመዱ ይወርድበታል፣ በትንሿ በር በኩልም አየር ይገባበታል። በሩ ሲከፈት ፍሙ ይቀላል፣ ሲዘጋ ያንቀላፋል። ከሸክላው ጠርዝ በላይ ያሉት ሦስት የብረት ማረፊያዎች ድስት ይሸከማሉ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ምድጃው ገበያ ሲወጣ ዋጋው 15 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ የብረቱ ጂኮ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ከሰል በጣሳ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ቁጠባውን ማስረዳት አላስቸገረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ጥናት፣ የአንድ ሰው የቀን ከሰል ከ0.67 ኪሎ ወደ 0.39 ኪሎ ወርዶ ተገኝቷል፤ ስድስት ነፍስ ባለው ቤት ይህ በዓመት ከ600 ኪሎ በላይ ይሆናል። አስቸጋሪው ዛሬ የሌለን ገንዘብ ነገ ከሚተርፍ ገንዘብ መበደር ነው። ድሃ ሰው ውድ ከሰል የሚያነደው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ የምድጃውን ዋጋ በአንድ ቀን የሚከፍልበት እጅ ስለሌለው ነው።

ዋጋውን ያወረደው የመንግሥት ድጎማ አልነበረም። ንድፉ በባለቤትነት አልተያዘም፤ የፈለገ ሁሉ ይቀዳው ነበር። ኬንያውያን ጁዋ ካሊ፣ «ጠራራ ፀሐይ» የሚሏቸው፣ ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ወሰዱት። በናይሮቢ ሻውሪ ሞዮ ሰፈር አንዱ ላሜራ ይቆርጣል፣ ሌላው ያጥፋል፣ ሦስተኛው እጀታ ይመታል። ሸክላው ከሌላ ቦታ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ተተኩሶ ይመጣና በመጨረሻ ገጣጣሚው ያጋባቸዋል። ሠሪው ሲበዛ ዋጋው ከ2 እስከ 5 ዶላር ድረስ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያ ከ700,000 በላይ ምድጃዎች አገልግሎት ላይ ነበሩ፤ ከከተማው ቤት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ንድፉም ድንበር ተሻገረ። በታንዛኒያ ጂኮ ቦራ፣ በሱዳን ካኑን አል ጀዲድ፣ በሴኔጋል ዲያምባር የሚባሉት ምድጃዎች ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

በኢትዮጵያ ስሟ ላቀች ነው።

የኢትዮጵያ ቤት ሸክላን በከሰል ላይ የተዋወቀው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ጀበና የሚጣድበት የሸክላ ማንደጃ፣ ዕጣን የሚጤስበት ገል፣ ከሥሩ ፍም ይዞ ገበታ ላይ የሚቀርበው የሸክላ ጥብስ ማሳያ ናቸው። የተለመደው ወጥ መሥሪያ ግን ከተማ ውስጥ የብረት ከሰል ምድጃ ሆኖ ቆየ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ስትቆረቆር ጀምሮ የማገዶ ችግር አልተለያትም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማዋን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ እስከማሰብ የደረሱትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ባሕር ዛፍ ከተማዋን በማገዶ በኩል አዳናት። ከሰሉ ግን ከስምጥ ሸለቆው ግራር የሚመጣ ነው። አክሳዮች እንጨቱን ቆልለው፣ በሣርና በአፈር ሸፍነው፣ አየር አሳጥተው ለቀናት ያከስሉታል፤ በዚህ ዓይነቱ የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ማድቤት ውስጥ አንድ ኪሎ ከሰል ያተረፈ ምድጃ አዋሽ ዳር ላይ ብዙ ቅርንጫፍ አትርፏል።

ላቀች የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር በዓለም ባንክ ገንዘብ በተካሄደ የማብሰያ ብቃት ማሻሻያ ፕሮጀክት ነው። መነሻዋ የኬንያው ምድጃ ነው፤ መጠኗና ቅርጿ ለአገሬው ድስትና ጀበና ተስተካከለ። ከብረቱ ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ከከሰሉ ሩቡን ያህል ትቆጥባለች። ስሟም በጥሩ ጆሮ የተመረጠ ነው፤ የሴት ስም ይመስላል፣ ከሌሎቹ በለጠች ማለትም ነው። በዚያው ዘመን ከሲሚንቶና ከቀላል እሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ፣ የእንጀራ መጋገሪያ እንጨትን እስከ ግማሽ የሚቆጥበው ምድጃም ምርጥ ተባለ።

ሥራው የተሰጠው ለፋብሪካ ሳይሆን ለሁለት የቆዩ ሙያዎች ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ የሚሠሩት በብዛት ሴቶች፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱም ለዘመናት በባለእጅነታቸው የተናቁ። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሁለቱን ሙያዎች በአንድ መንደር ይዘው ነበር፤ ንቀቱንም አብረው ተሸክመዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቆመም። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ሠርተው ያጋቡት ምድጃ የሰደቧቸውን ሰዎች ወጪ የቀነሰ መሆኑ ሊነገርላቸው የሚገባ ነው።

ፕሮጀክቱ ሠሪዎችን አሠልጥኖ ከወጣ በኋላ ምድጃዋ የገበያ ዕቃ ሆነች፤ ገበያም እንደ ናይሮቢው ሁሉ ዋጋዋን ሲያወርድ ጥራቷን ነካው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል፤ ከዚያ የሚወጣ ላሜራ ወፍራምም ስስም ሊሆን ይችላል። ላይ ላዩን ተመሳሳይ ሆነው አንዱ በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የላሜራው መሳሳት፣ የሸክላው ግድግዳ መቅጠን፣ ይልቁንም ማገዶ ለመቆጠብ ሲባል በሚገባ አለመተኮሱ ነው። ያልበሰለ ሸክላ በጥቂት ሳምንት ይፈረፈራል፤ እርሱ ሲወድቅ የቀረው ተራ የብረት ምድጃ ነው፣ ገዢው የከፈለው ግን የላቀችን ዋጋ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ዋጋ የሚገኘው በክርክር ብቻ ሳይሆን በጣትም ነው። የሸክላው ጠርዝ በጣት አንጓ ወይም በሳንቲም ሲመታ፣ በደንብ የተተኮሰው እንደ ሲኒ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ወይም ያልበሰለው እንደ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ፍሙ የሚያርፍበት የሸክላው ወንፊት ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው፤ በጭቃ የተደፈነ ቀዳዳ ፍሙን ያፍነዋል። በሸክላውና በላሜራው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ማጣበቂያው ተሰስቶበታል ማለት ነው። የአመዱ በር ገጥሞ መዘጋቱም መታየት አለበት፤ በሩ ካልገጠመ ከሰሉን መቆጣጠር አይቻልም፣ ቁጠባውም ግማሹ ያልቃል።

በደንብ የተሠራ ሸክላም ቢሆን ለዘላለም አይቆይም፤ ላሜራው ግን አብሮት አያልቅም። አዲስ ሸክላ ብቻ ገዝቶ ማስለበስ ከአዲስ ምድጃ ያነሰ ዋጋ አለው። አሮጌው ተሰብሮ ይወጣል፣ ላሜራው ከአመድና ከዝገት ይጠረጋል፣ አዲሱ ተቀምጦ ዙሪያው ይመረጋል። ከዚያ ምድጃው ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆያል፤ ምርጉ ሳይደርቅ እሳት ከገባበት ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ አዲሱን ሸክላ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጥቀዋል።