ጥይቱ ለምን ሳተ? ሲሞቅ ቃሉን የሚያጥፍ ማነጣጠሪያ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2010። ዕለቱ ስቅለት ነበር። በሰሜን አፍጋኒስታን፣ ኩንዱዝ አቅራቢያ፣ ኢሳ ኼል በምትባል መንደር የጀርመን ወታደሮች ደፈጣ ውስጥ ገቡ። ተኩሱ ለሰዓታት ቀጠለ። ሦስት ጀርመናውያን ተገደሉ።

ከዚህ ውጊያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጀርመን ጦር ውስጥ አንድ ጥያቄ እየጎላ መጣ። ጂ36 የተባለው የወታደሩ ጠመንጃ ብዙ ተተኩሶበት ሲግል ኢላማውን ይስታል ወይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልስ ለማግኘት ግን ዓመታት ፈጅቷል። ለምን እንደዘገየ ለመረዳት ከመሣሪያው መጀመር ያስፈልጋል።

ማነጣጠሪያ ጠመንጃ ላይ ሲገጠም የመጀመሪያው ሥራ ማስተካከል ነው። ተኳሹ የተወሰነ ርቀት ላይ ወረቀት ሰቅሎ ይተኩሳል፤ ጥይቱ ያረፈበትን አይቶ ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ዓይን ያየውና ጥይት የመታው ቦታ አንድ ሲሆኑ ሥራው አለቀ። ፈረንጆቹ ይህን «ዜሮ» ይሉታል። ማነጣጠሪያውና አፈሙዙ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን በአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢዛነፍ፣ 300 ሜትር ላይ ጥይቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ይስታል። ሰው ላይ ያነጣጠረ ሰው አየር መታ ማለት ነው።

ዜሮው ሲጠፋ ምርመራው የታወቀ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተኳሹ ነው፦ ትንፋሹን አልያዘም፣ ቃታውን በኃይል ሳበው ይባላል። ቀጥሎ ማነጣጠሪያውን የያዙት ብሎኖች ላልተው እንደሆነ ይታያል። ከዚያ ጥይቱ ይመረመራል፤ የተለየ ፋብሪካ ወይም የተለየ ዙር ምርት ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላልና። ጠመንጃውና ማነጣጠሪያው ራሳቸው የሚጠረጠሩት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ነው። ሙቀት ደግሞ ተንኮለኛ ጥፋተኛ ነው። ጠመንጃው ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ሊመለስ ስለሚችል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የሚፈትሸው ባለሙያ ምንም እንከን አያገኝም።

በጀርመን የሆነውም ይኸው ነው። ጂ36 ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የጦሩ ዋና ጠመንጃ ነበር። አካሉ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ማነጣጠሪያውም የተሠራው እዚያው መያዣ እጀታው ላይ ነው። ክብደቱ ቀላል በመሆኑ ተመስግኗል። ስሞታው ሲበዛ ግን በ2014 መከላከያ ሚኒስቴሩ ችግሩ ከጥይቱ ነው አለ። የፌዴራሉ ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚህ አልረካም። አዲስ ምርመራ ተካሄደ፤ ውጤቱም በኤፕሪል 2015 ወጣ። ጦሩ የሚፈልገው የመምታት መጠን 90 በመቶ ሲሆን፣ ጠመንጃው በተኩስ ሲግል ወደ 7 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የጊዜው መከላከያ ሚኒስትር ኡርሱላ ፎን ደር ላየን ጠመንጃው አሁን ባለበት ሁኔታ በጦሩ ውስጥ የወደፊት ዕድል እንደሌለው አስታወቁ።

አምራቹ ሄክለር ኤንድ ኮክ ግን አልተቀበለም። ጠመንጃው የተሞከረበት አተኳኮስ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የተገባ አይደለም ሲል ተከራከረ። በሴፕቴምበር 2016 የኮብሌንዝ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። ምክንያቱ አጭር ነው፦ የቀረበው ጠመንጃ በውሉ ላይ ከተጻፈው መስፈርት ጋር ይስማማል። መንግሥት ሲገዛ ያልጠየቀውን፣ ከገዛ በኋላ ጉድለት ብሎ ሊከስስ አይችልም። ሌላ ገለልተኛ ኮሚሽን ደግሞ በዚህ ጠመንጃ አለመምታት ምክንያት የተገደለ ወይም የቆሰለ ጀርመናዊ ወታደር እንደሌለ ገልጿል። ስለዚህ በኢሳ ኼል የሞቱትን በጂ36 ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ትልቁ ጥያቄ ግን በቦታው አለ። ወታደር በውጊያ መካከል ጠመንጃው እንደሚግል እየታወቀ፣ «ሲግልስ?» የሚለው ጥያቄ በውሉ ላይ ለምን አልሰፈረም?

አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመው ከዚህ የከፋ ነው። ኢኦቴክ የተባለው ኩባንያ ከ2004 ጀምሮ ለመከላከያ ሚኒስቴር፣ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና ለኤፍቢአይ ሆሎግራፊክ ማነጣጠሪያ ይሸጥ ነበር። ዕቃው ከዜሮ በታች 40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የአየር ጠባይ በሚገባ እንደሚሠራ ቃል ገብቷል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ባቀረበው ክስ መሠረት ግን፣ ኩባንያው ማነጣጠሪያው በብርድና በእርጥበት እንደሚበላሽ ከ2006 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሙቀት ሲለዋወጥ የማነጣጠሪያው ነጥብ ጥይቱ ከሚያርፍበት ቦታ እንደሚለይም እያወቀ ለዓመታት ዝም ብሏል። በማርች 2015 ኤፍቢአይ ራሱ ሞክሮ ደረሰበት፤ ያገኘው ኩባንያው ቀድሞ የሚያውቀውን ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኢኦቴክ፣ እናት ኩባንያው ኤል-3 እና ፕሬዚዳንቱ ክሱን ለመዝጋት 25.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ በሌላው ይለያያሉ። ጀርመን ውስጥ ጠያቂው አልጠየቀም። አሜሪካ ውስጥ በክሱ መሠረት መላሹ መልሱን ደብቋል። በሁለቱም ግን ስህተቱ መጀመሪያ የተሠራው ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ በውል፣ ሌላው በሽያጭ መግለጫ። ዋጋውን ሊከፍል የሚችለው ግን ያንን ወረቀት አይቶት የማያውቀው ወታደር ነው። ጥይቱ ሲስት መጀመሪያ የሚወቀሰውም እሱ ነው። ያልተስተካከለ ትንፋሽ፣ የተንቀጠቀጠ እጅ ይባላል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ለተበላሸ ነገር ሁሉ የቅርቡን ሰው መውቀስ ይቀላል። ታች ያለውን ሠራተኛ መቅጣት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ጥይት መለወጥ ይቀላል። ወደ ላይ ወጥቶ «ይህን ስንገዛ ምን ጠየቅን? የሸጠልንስ ምን ያውቅ ነበር?» ማለት ይከብዳል፤ መልሱ የሚያገኘው ወንበር ላይ ያለን ሰው ነውና። በበርሊንም በዋሽንግተንም እውነቱ የወጣው አንድ ሌላ መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ማብራሪያ ሳይቀበል በራሱ መንገድ ስለፈተሸ ነው።

ጂ36 ዛሬ በሌላ ጠመንጃ እየተተካ ነው፤ ተተኪውን የሚሠራው ያው ሄክለር ኤንድ ኮክ ነው። ጠመንጃው ተለወጠ። የሚቀጥለው ውል ላይ «ሲግልስ?» የሚል መስመር መኖሩን ማረጋገጥ ግን የፈራሚው ሥራ ነው።